«ለባለሙያ ተዉት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ባጭሩ የሚለው ይኼን ነው፦ ሰውን በየሰፈሩ ማደራጀት ጊዜው አልፎበታል። የኢኮኖሚ ፖሊሲ የባለሙያ ሥራ ነው። እኩልነት ኢኮኖሚው ሲያድግ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ሰላም የመሪዎችና የታጣቂዎች ጉዳይ ነው፣ ሕዝብ ሲደራጅ ደግሞ ጠብ ይብሳል እንጂ አይበርድም። ለውጥ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ይችላል፣ ስብሰባ ምን ያደርጋል? አደራጅ የሚባሉትም በአብዛኛው በሕዝብ ስም የሚተዳደሩ ናቸው። ስለዚህ ሕዝቡ አስተያየቱን በጽሑፍ ያስገባ፣ ውሳኔውን ለሚያውቁት ይተው።

ጽሑፉ ጨዋ ነው። ማንንም አይሳደብም፣ ጸሐፊውም ለሰው ያስባሉ ብዬ አምናለሁ። ሐሳቡ ግን አይዋጥልኝም። ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋገም የሚሰማው ሰው «እኔን ምን አገባኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ እሱ ሲቀመጥ ደግሞ ውሳኔው እሱ ላይ ይወሰናል።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። ጸሐፊው የኢኮኖሚ ፖሊሲን ከቀዶ ሕክምና ጋር ያመሳስሉታል። በሽተኛው ምላጩን አይዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ አይዝም። ግን በሽተኛው ሳይፈርም ማንም አይቀደውም። ምን ሊደረግለት እንደሆነ፣ አደጋው ምን እንደሆነ፣ ሌላ አማራጭ ካለ ይነገረዋል። እኛም የምንለው ከዚህ የተለየ አይደለም። ባለሙያው የሚሰላውን ያስላ። የበጀት ጉድለቱ ስንት እንደሆነ፣ ብድሩ በስንት ዓመት እንደሚከፈል፣ የዋጋ ንረቱ ከየት እንደመጣ እሱ ይንገረን። ጉድለቱን ለመሙላት የምግብ ድጎማ ይቀነስ ወይስ ብዙ ሀብት ያለው ሰው ግብር ይጨመርበት የሚለው ግን የሒሳብ ጥያቄ አይደለም። ማን ይክፈል ነው ጥያቄው። ይኼን ጥያቄ ከፋዩ በሌለበት የሚመልሱት ከሆነ ሸክሙ ሁልጊዜ ዝም ባለው ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው።

ተራው ሰው አይገባውም ለሚለው ደግሞ ደቡብ አፍሪካን እንይ። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኤችአይቪ መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት 10 ሺህ ዶላር ገደማ ያስወጣ ነበር። በ1998 ትሪትመንት አክሽን ካምፔይን የሚባል ንቅናቄ ተመሠረተ። ከአባላቱ ብዙዎቹ ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ ሥራ የሌላቸው፣ ትምህርታቸውን ያልገፉ ሰዎች ነበሩ። ንቅናቄው ሰልፍ ብቻ አልጠራም። አስተማረ። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ፣ የሲዲ ፎር (በሽታን የሚከላከሉ የደም ሴሎች) ቁጥር ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ የፓተንት መብት (ፈጣሪው ኩባንያ ብቻ እንዲሸጠው የሚፈቅደው መብት) ዋጋውን ለምን እንደሚሰቅለው ሰዎቹ ቁጭ ብለው ተማሩ። የተማሩት ደግሞ በየሰፈራቸው ሌላውን አስተማሩ።

በዚያን ጊዜ ሳይንሱን ሲጠራጠር የነበረው ማን ነው? ተራው ሰው አልነበረም። ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ነበሩ። ኤድስ የሚመጣው በኤችአይቪ መሆኑን በአደባባይ ይጠራጠሩ ነበር፣ መንግሥታቸውም መድኃኒቱን ለማዳረስ ዳተኛ ሆነ። 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች ርካሽ መድኃኒት እንዲገባ የሚፈቅደውን ሕግ ተቃውመው የደቡብ አፍሪካን መንግሥት ከሰው ነበር። ንቅናቄው በጉዳዩ ገብቶ ተከራከረ፣ ዓለምን አስተባበረ፣ በ2001 ኩባንያዎቹ ክሳቸውን አነሡ። ቀጥሎ ደግሞ ያንኑ መንግሥት ከሰሰው፤ በ2002 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚከላከለው መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታሎች እንዲሰጥ ወሰነ። መዘግየቱ ያስከፈለው ዋጋ ከባድ ነው። በኋላ የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ከ330 ሺህ በላይ ሰው በዚህ ምክንያት ሕይወቱን አጥቷል ብሎ ገምቷል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች ባለሙያ ጠል አልነበሩም። አብረዋቸው የቆሙ ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ ተመራማሪዎች ነበሩ። ብቻውን የቆመ ሐኪም አለቃው ዝም በል ካለው ዝም ሊል ይችላል፣ ሥራው ነው፣ ቤተሰብ አለው። ከኋላው የተደራጀ ሕዝብ ሲቆም ግን ያወቀውን የመናገር ድፍረት ያገኛል። ባለሙያና የተደራጀ ሕዝብ ባላንጣ ናቸው የሚለው አቀራረብ ከመሠረቱ ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ እድገት ይቅደም እኩልነት ይከተላል የሚለው፣ አዲስ አይደለም። ጸሐፊው የተረጋገጠ ሕግ አስመስለው ጽፈውታል። የሐሳቡ አባት የሚባለው ኢኮኖሚስት ሳይመን ኩዝኔትስ በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ መጀመሪያ አለመመጣጠን ይሰፋል፣ እድገቱ ሲቀጥል ይጠባል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ግን ሐቀኛ ሰው ነበርና እዚያው ላይ ይኼ 5 ከመቶው ማስረጃ፣ 95 ከመቶው ግምት ነው ብሏል፤ ከግምቱም የተወሰነው ምኞት ሊሆን እንደሚችል ጨምሯል። ባለቤቱ ይኼን ያህል ያመነታበትን ሐሳብ ሰባ ዓመት ሙሉ ለድሃው ታገሥ ለማለት መጠቀም ምን ይባላል?

የታሪኩ ቅደም ተከተልም እሳቸው እንዳሉት አይደለም። ደቡብ ኮሪያና ታይዋን ዛሬ የእድገት ምሳሌ ተደርገው ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ግን ከእድገቱ በፊት፣ በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መሬት ለአራሹ አከፋፍለዋል። የስምንት ሰዓት የሥራ ቀንንም እንውሰድ። በ1856 የሜልቦርን ግንበኞች ሥራ አቁመው ወጡና ደመወዛቸው ሳይቀነስ አስከበሩት። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በመጀመሪያው ስምምነቱ ለኢንዱስትሪ የደነገገው በ1919 ነው። በመሀል ከ60 ዓመት በላይ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፋብሪካው አድጓል፣ ባቡሩ ተዘርግቷል፣ ሀብቱ ተከማችቷል። ሰዓቱ ግን ሠራተኛው እየተደራጀ በየቦታው እስኪጠይቅ ድረስ በራሱ አላጠረም። ያልተደራጀ ሰው ባደገ ኢኮኖሚ ውስጥም የበይ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

እድገት አያስፈልግም አላልኩም። ያስፈልጋል። የሌለ ነገር አይከፋፈልም። ጸሐፊው ያልመለሱት፣ ሲገኝ ማን ያካፍለዋል የሚለውን ነው።

ሦስተኛው ነጥባቸው ስለ ሰላም ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰላም ጠመንጃ በያዙት መካከል የሚፈረም ነገር ነው ይላሉ። ፊርማው የእነሱ ነው፣ ልክ ነው። ወደ ፊርማው የሚገፋቸውና ከፊርማው በኋላ ሰላሙን የሚያቆየው ማን እንደሆነ ግን አልነገሩንም።

በ2003 በእርስ በርስ ጦርነት ላይ በነበረችው ላይቤሪያ ውስጥ በሌይማ ግቦዊና በጓደኞቿ አስተባባሪነት ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች ነጭ ለብሰው ዋና ከተማዋ ሞንሮቪያ ከዓሣ ገበያው አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ተቀመጡ። የፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር አጀብ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው። በፀሐዩም በዝናቡም በየቀኑ እየመጡ ተቀመጡ። የሚጠይቁት ሰላም ብቻ ነበር። ቴይለር በመጨረሻ ተቀብለው አነጋገሯቸው። ድርድሩ ጋና ውስጥ ሲጀመር የተወሰኑት ተከትለው አክራ ሄዱ። ሳምንታት አለፉ፣ ተደራዳሪዎቹ ሆቴል ተቀምጠው ሥልጣን ይከፋፈላሉ፣ አገር ቤት ሰው ይሞታል። ሐምሌ ላይ ሴቶቹ የአዳራሹ በር ላይ ተቀመጡና ክንድ ለክንድ ተያይዘው ማንም እንዳይወጣ ዘጉት። ጠባቂዎች ሊያነሷቸው ሲመጡ ግቦዊ ልብሴን አወልቃለሁ አለች፤ እናት የሆነች ሴት በአደባባይ እርቃኗን ስትሆን ማየት በዚያ አካባቢ ከባድ እርግማን ነው። ጠባቂዎቹ ተመለሱ። ስምምነቱ ነሐሴ 18 ቀን ተፈረመ።

ሴቶቹ ብቻቸውን ጦርነቱን አቆሙት አልልም። አማፅያኑ ዋና ከተማዋን እየደበደቡ ነበር፣ ቴይለር በጦር ወንጀል ተከሰው ነበር፣ የምዕራብ አፍሪካ አገሮችም ጫና ያደርጉ ነበር። ግን ያ በር ባይዘጋ ድርድሩ በዚያ ፍጥነት መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አላምንም። እነዚያው ሴቶች ደግሞ ከፊርማው በኋላ ቤታቸው አልገቡም። ትጥቅ በማስፈታቱ ረድተዋል፣ ለ2005ቱ ምርጫ ሴቶች እንዲመዘገቡ በየገበያው ዞረዋል።

ሌላው ምሳሌ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ያለችው ዋጂር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጎሣ ግጭት ታምሳ ነበር። ግጭቱ ገበያው ውስጥ ገባ። የአንዱ ጎሣ ሴት ከሌላው ጎሣ ሴት መግዛትም መሸጥም አስቸጋሪ ሆነ። ደቃ ኢብራሂም አብዲና ሌሎች ከተለያየ ጎሣ የመጡ ሴቶች ተሰባሰቡና ሥራቸውን ከገበያው ጀመሩ። ገበያው ለማንም ሴት ክፍት እንዲሆን ተስማሙ፣ ስምምነቱ መከበሩን የሚከታተሉ ሴቶችም መደቡ። አንዷ ስትከለከል እዚያው ተነጋግረው ይፈቱታል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሽማግሌዎች፣ ወደ ወጣቶች፣ ወደ ነጋዴዎችና ወደ መንግሥት ሹማምንት የሄዱት። ሰላም፣ እኩልነትና ኢኮኖሚ ሦስት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ያሏቸው ጉዳዮች ይመስሉናል። ዋጂር ገበያ ላይ አንድ ጉዳይ ነበሩ።

ሲደራጁ ጠብ ይብሳል ለሚለው ደግሞ ቁጥርም አለ። ተመራማሪዎቹ ኤሪካ ቼኖዌትና ማሪያ ስቴፈን ከ1900 እስከ 2006 የተካሄዱ 323 ትላልቅ ዘመቻዎችን መርምረው ነበር። በጠመንጃ ከታገሉት 26 ከመቶው ሲሳካላቸው፣ ያለ ጠመንጃ ከታገሉት ግን 53 ከመቶው ተሳክቶላቸዋል። ሰው በሰላም የሚገባበት በር ሲኖረው ወደ ጫካ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። አደጋው የሚመጣው ያ በር ሲዘጋ ነው።

እዚህ ጋ ጸሐፊው ያነሡት ስለ ስልክ ያለው ነጥብ ይመጣል። ቼኖዌት ራሷ በኋላ እንደጻፈችው ካለፉት አሥርተ ዓመታት ወዲህ የሰላማዊ ንቅናቄዎች ስኬት ቀንሷል። ከምትጠቅሳቸው ምክንያቶች አንዱ ንቅናቄዎች በቶሎ በሚጠራ ትልቅ ሰልፍ ላይ ተንጠልጥለው ውስጥ ውስጡን የሚሠራውን የማደራጀት ሥራ መተዋቸው ነው። ስልክ በአንድ ቀን መቶ ሺህ ሰው ያወጣል። በማግሥቱ ማን ከማን ጋር ሆኖ ምን እንደሚሠራ ግን አይነግርም። ጸሐፊው ማደራጀት ያሉት ነገር በአብዛኛው ሰው መጥራትን ነው፣ ለዚህም ነው ፋይዳ ያጡበት።

ጥቁሮች በአውቶቡስ ለነጮች ወንበር እንዲለቁ ይገደዱባት የነበረችውን የአሜሪካዋን ከተማ ሞንትጎመሪን ብዙዎቻችን የምናውቀው አንዲት የደከማት ሴት ከአውቶቡስ ወንበር አልነሣም ብላ ድንገት ዓለም እንደተለወጠ አድርገን ነው። እንዲያ አልነበረም። ሮዛ ፓርክስ ለዓመታት የጥቁሮች መብት ማኅበር የአካባቢው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆና የሠራች ሴት ነበረች። የከተማዋ የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት ከ1946 ጀምሮ ነበረ፤ በ1954 አውቶቡስ መሳፈር ሊያቆሙ እንደሚችሉ ለከንቲባው በደብዳቤ አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ፓርክስ ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 ስትታሠር ጆ አን ሮቢንሰን ሌሊቱን ኮሌጁ ውስጥ በማባዣ ማሽን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት አባዝታ አደረች። በማግሥቱ ወረቀቱን ለየሰዉ የሚያደርሱ ሴቶች ቀድመው ስለነበሩ ወረቀቱ ደረሰ። ከዚያ 381 ቀን። ሰው በእግሩ ሄደ፣ ባለ መኪናዎች በተመደበ ቦታና ሰዓት ሰው ያመላልሱ ነበር፣ ነዳጅ የሚሞላበት ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። አውቶቡስ ላይ ያለውን የዘር መለያየት ተቃውመው ፍርድ ቤት የሄዱ ሌሎች ሴቶች ደግሞ ክሱን አሸነፉ። አንድም ነገር በአጋጣሚ አልሆነም።

አደራጆች በሕዝብ ስም ይበላሉ ወደሚለው ልለፍ። የሚበሉ አሉ። አይካድም። ፕሮጀክት ጽፎ፣ አዳራሽ ተከራይቶ፣ አበል ከፍሎ፣ ፎቶ አንስቶ ሪፖርት የሚያደርግ ድርጅት ሁላችንም እናውቃለን። የጸሐፊው ቁጣ እኔም ውስጥ አለ። ግን ከዚህ ተነሥቶ መደራጀት ራሱ ይቅር ማለት መፍትሔ አይሆንም፤ መፍትሔው ገንዘቡ ከማን ይመጣል፣ ሒሳቡን ማን ያያል የሚለውን ማጥበቅ ነው።

ያንኑ ሞንትጎመሪን ልጥቀስ። ጆርጂያ ጊልሞር ምግብ አብሳይ ነበረች። እሷና ጓደኞቿ ኬክና ሳንድዊች እየሠሩ በየጸጉር ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ሸጠው ገንዘቡን ለመኪናዎቹ ነዳጅ ይሰጡ ነበር። ነጮች ቤት ተቀጥረው ስለሚሠሩ ስማቸው ከታወቀ ይባረራሉ። ስለዚህ ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል «ከየትም» ነበር መልሱ። ሕንድ ራጃስታን ውስጥ በ1990 የተመሠረተው የገበሬዎችና የሠራተኞች ኅብረት፣ ከመሥራቾቹ አንዷ አሩና ሮይ የነበረችበት፣ ሙሉ ጊዜያቸውን ለሚሠሩ አባላቱ የሚከፍለው ለቀን ሠራተኛ የተደነገገውን ዝቅተኛ ደመወዝ ያህል ነው። ከድርጅት እርዳታ አይቀበልም።

የራጃስታኖቹ ነገር ከተነሣ አይቀር ሥራቸውንም ልንገራችሁ። ሰዎቹ የጀመሩት በአንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ መንገድና ኩሬ በመቆፈር ለሠራነው ሥራ በሕግ የተወሰነው ክፍያ ለምን አይደርሰንም? ሹማምንቱ ያልሠራችሁትን አንከፍልም ይሏቸዋል፣ ማስረጃው ደግሞ የሠራተኞች መዝገቡ ነው፣ መዝገቡ አይታይም። ከ1994 ጀምሮ ያገኙትን መዝገብ ይዘው አደባባይ ላይ ድንኳን ተክለው ስሙን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። እገሌ፣ ይኼን ያህል ቀን ሠርቷል፣ ይኼን ያህል ተከፍሎታል። ሰውየው ከተሰብሳቢው መሀል ይነሣና አልሠራሁም፣ አልተከፈለኝም ይላል። የሚቀጥለው ስም ሲነበብ የሞተ ሰው ሆኖ ይገኛል። ተሠራ ተብሎ ሒሳብ የተዘጋበት ሕንፃ ደግሞ መሬት ላይ የለም። ይኼን ለማወቅ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አያስፈልግም። ያንን ሰውና ያንን ቦታ ማወቅ ነው የሚጠይቀው፣ ይኼ እውቀት ደግሞ ዋና ከተማ ያለው ባለሙያ እጅ ላይ የለም። መፈክራቸው «ገንዘባችን፣ ሒሳባችን» ነበር። በ1996 ቤያዋር በምትባል ከተማ ለ40 ቀን ተቀመጡ። በ2005 ሕንድ የመረጃ መብት ሕግን በአገር ደረጃ አወጣች፣ በዚያው ዓመት ለገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ የሚያረጋግጠው ሕግም ጸደቀ። ሁለቱም ውስጥ የእነዚያ ድንኳኖች ድርሻ አለበት።

የቀረው የጸሐፊው የመጨረሻ ሐሳብ ነው፦ ሕዝቡ አስተያየቱን በጽሑፍ ያስገባ። እሺ፣ ያስገባ። ሳጥኑን ማን ይከፍተዋል? ያነበበው ሰው ካልተስማማ ምን ይሆናል? መልስ ካልሰጠስ? በጽሑፋቸው ውስጥ ለእነዚህ አንድ መስመር አላገኘሁም።

የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ከ1989 ጀምሮ ሌላ መንገድ ሞክራለች። ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው ከከተማው በጀት ለአዳዲስ ሥራዎች የተመደበው የት ይዋል የሚለውን ቅደም ተከተል ያወጡ፣ ተወካይ ይመርጡ ነበር፣ ተወካዮቹ ከከተማው ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው በጀቱን ያወጡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ምን ተሠራ ብለው ይጠይቁ ነበር። የበለጠ ለጎደለው ሰፈር የበለጠ ነጥብ የሚሰጥ ደንብ ነበረው። የዓለም ባንክ በጠቀሰው አኃዝ በ1988 ከቤቶች 75 ከመቶው የነበረው የውሃና የፍሳሽ መስመር ሽፋን በ1997 ወደ 98 ከመቶ ደርሷል። መሐንዲሱ ሥራውን አላጣም፣ ቱቦው የት መጀመር እንዳለበት ግን የሚወስነው ቱቦ የሌለው ሰው ሆነ። በ2004 አሠራሩን የጀመረው ፓርቲ በከተማው ምርጫ ተሸነፈና ነገሩ እየደከመ መጣ። በሹም ፈቃድ ላይ የቆመ ነገር ሹሙ ሲቀየር ይናጋል። ለዚህም ነው ሕዝቡ ከሹሙ ውጭ በራሱ መደራጀት ያለበት።

ጸሐፊው ለዚህ መልስ ካላቸው በደስታ አነባለሁ። በተለይ አንድ ነገር ቢጽፉልን እወዳለሁ፦ የሚጎዳው ሕዝብ ሳይደራጅና ሳይጠይቅ፣ በአስተያየት ብቻ፣ ለድሃው ያደላ አንድ ትልቅ የኢኮኖሚ ውሳኔ የት አገር፣ መቼ ተወሰነ?